በሮቤ ሜዳ ላይ የሰማሁት «ፈረስ»

ሮቤ የምትኖረው ልጄ ባለፈው ኅዳር ደወለችልኝ። የ11 ዓመት ልጇ ኩንግ ፉ መማር ከጀመረ ወዲህ ጉልበቱን እያመመው ያነክሳል። ብዙ ዓመት በነርስነት ስላገለገልኩ «አቁም» እንድለው ፈልጋ ነበር። ተነሥቼ ሄድኩ። ዲንሾን አልፎ ወደ ሮቤ ሲወረድ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፤ ለዓይን ብቻ እንኳ መንገዱ ድካሙን ያስረሳል።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን ተከትዬ ወደ ሜዳው ወጣሁ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የጠዋቱ ብርድ አይጣል ነው። ልጆቹ በቻይንኛ «ዪ፣ አር፣ ሳን» እያሉ ይቆጥራሉ፤ አሰልጣኙን «ሲፉ» ይሉታል። «ማ ቡ!» ሲል ሁሉም እግራቸውን ከፍተው ዝቅ አሉ። የእኛው ልጅ ጉልበቶች ግን ወደ ውስጥ ገብተው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው። ሲያርፉ «ማ ቡ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ዝቅ ማለት ነዋ፣ አያቴ!»

አጠገቤ ጋቢያቸውን ተከናንበው የቆሙ ሽማግሌ ሳቁና በኦሮምኛ «ፈርዳ» አሉ። ፈረስ ማለታቸው ነው። ቻይንኛ አያውቁም፤ ግን ባሌ የፈረስ አገር ነው፤ እሳቸውም ሲጋልቡ የኖሩ ሰው ናቸው። አሰልጣኙም ሳቀ። እውነትም «ማ» ፈረስ፣ «ቡ» እርምጃ ነው አለን። ሽማግሌው ልጁን ጠርተው፣ «ፈረስ ላይ ነህ እንበል። ጉልበትህ እንዴት ይገናኛል? ሆዱ መሐል አለ አይደል?» አሉት። ልጁ እንደገና ወረደ፤ ጉልበቶቹ በእግር ጣቶቹ አቅጣጫ ቀና አሉ። እኔ የጨመርኩት፣ ሕመሙ እስኪተወው አንድ ሁለት ሳምንት እንዲያርፍና ሲመለስ በጣም ዝቅ እንዳይል ነው። ካበጠ ግን ሐኪም ሳያየው አይሆንም።

ከዚያ በኋላ አሰልጣኙን በጥያቄ አደከምኩት። «ኩንግ ፉ» ድብድብ ማለት አይደለም ለካ፤ በጊዜና በልፋት የተገኘ ሙያ ነው። እንጀራ አሳምራ የምትጋግር ሴትም ኩንግ ፉ አላት ማለት ነው! «ሲፉ» የሆንግ ኮንግ ሰዎች አነጋገር ነው፤ በዋናው ቻይንኛ «ሽፉ» ይባላል። ለእኛ ዕድሜ የሚስማማው ታይ ቺ ነው አለኝ። «ቺ» ትንፋሽ ይመስለኝ ነበር። ትንፋሽ የሚባለው «ቺ» ሌላ ቃል ነው፤ የታይ ቺው ጫፍ፣ ወሰን እንደ ማለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 በቅርስነት መዝግቦታል። በዝግታ የሚሠራ ነው፤ የአረጋውያንን መውደቅ እንደሚቀንስም በተደጋጋሚ ተጠንቷል።

ይህን ስሰማ እትዬ ትዝ አሉኝ። ታላቅ እህቴ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጎባ ይኖራሉ። በክረምት ጭቃ አዳልጧቸው ከወደቁ ወዲህ ስብራት ባይኖርም ከግቢ መውጣት ፈርተዋል። ብዙ በሽተኛ አይቻለሁ፤ መውደቅን ፈርቶ የተቀመጠ ሰው እግሩ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይወድቃል።

ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዤ ጎባ ሄድኩ። «እማማ፣ ይሄ ሹ ቡ ይባላል፤ ባዶ እርምጃ» አላቸው። ክብደት ሁሉ በኋለኛው እግር ላይ ይሆናል፤ የፊተኛው መሬቱን ነካ ብቻ ያደርጋል። ጠንካራ ወንበር አስያዝኳቸው፤ ከኋላ ቆምኩ። ጭቃም የሚሞከረው እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ በባዶ እግር ነካ አድርጎ፣ ከጸና ክብደትን ማሳለፍ።

ያን ቀን ከበሩ አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ስደውል፣ «ለልጁ ንገሪው፤ ወንበሩን ይዤ ሁለቴ ሠራሁት» አሉኝ።