ከኋላ የቆመው ሐኪም

አጥንት ውስጥ ተቀብሮ የቀረ የታች መንጋጋ እንዲህ በዋዛ አይወጣም። ድዱ ይቀደዳል፣ አጥንቱ ይቦረቦራል፣ ጥርሱም አንዳንዴ ለሁለት ይከፈላል። ከሥሩ ደግሞ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ያልፋል። እሱ የተነካ እንደሆነ ከንፈር ለወራት፣ ሲከፋም ለዘለቄታው ይደነዝዛል።

ይህን የሚሠራው ገና በመማር ላይ ያለ ሬዚደንት ሲሆን፣ ከኋላው የሚቆመው ሐኪም የሁለት ሰው ባለዕዳ ነው። መሣሪያውን ቢነጥቅ በሽተኛው ያርፋል፤ ተማሪው ግን ነገ ብቻውን ሲቀር ነጣቂ አያገኝም። ዝም ቢል ደግሞ የሰው ከንፈር ነው! ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በ1955 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ሲከፈት በአገራችን የጥርስ ዶክተር የሚያስመርቅ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ዛሬ አሉ፤ የእጅ ሙያ ግን በንግግር አይተላለፍም።

አክስቴን ከዘጌ በጀልባ ወደ ከተማ ያመጣኋት ለዚሁ ጥርስ ነበር። ሐኪሙ፣ «እማማ፣ የሚሠራልዎ እሱ ነው፤ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ይፈቅዳሉ?» አሏት።

«ይማር ልጄ፤ ግን እጁን ይዩልኝ፣ ዶክተር።»

ብዙ ቦታ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ድሃ አፉን ይከፍታል፣ በቃ።

ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሐኪሙ ብቻቸውን ቢሠሩት በሃያው ያልቅ ነበር መሰለኝ፤ ኮሪደሩም በወረፋ ጠባቂ ሞልቷል። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን አንድ በሽተኛ ነው። እጅ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የቆሙበት ሰዓት ዓምድ የለውም።

ስንመለስ ሐይቁ ላይ አክስቴ ያበጠ ጉንጯን በነጠላዋ ደግፋ፣ ቡናው ሲደርቅ ለየትኛው እንደምትልክ ጠየቀችኝ።