ቀበሮዋ በጭላዳዎቹ መሐል

በደጋው አገራችን ብቻውን ተራራ ለተራራ የሚሄድ ሰው ከታየ ወይ መናኝ ነው፣ ወይ ከብት ጠፍቶበታል። መንዝ ውስጥ ጓሳ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አባት፣ ባናቸውን ተከናንበው ዱላቸውን ተደግፈው ከእግር እስከ ራሴ ካዩኝ በኋላ «ምነው ልጄ፣ ብቻህን? ምን ጠፋብህ?» ያሉኝ ለዚህ ነው። ምንም እንዳልጠፋብኝ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ከአዲስ አበባ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ምን ያስሮጥሃል? ቁጭ በል፤ እነሱው ይመጡልሃል» ብለውኝ በጎቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

የተራራ ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር ከሥሩ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ ብቻህን አትፈራም? እስከ ዛሬ በአንድ መስመር እየመለስኩ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን በሰፊው ልጻፍበት። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአካባቢው ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት ወደ መንዝ መሄድ እንደ ድሮው አልሆነም፤ እኔም ከሄድኩ ቆይቻለሁ። ስለዚህ በምጽፈው ውስጥ ናፍቆትም አለበት።

አስቀድሜ ግን የቡድን ጉዞን እንዳልነቀፍኩ ይታወቅልኝ። ቅዳሜና እሁድ አውቶቡስ ሞልቶ ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ዝቋላ የሚወጣው ወጣት ደስ ያሰኘኛል። አገሩን በእግሩ የረገጠ ሰው ስለ አገሩ የሚናገረው ሌላ ነው። ነገር ግን ሠላሳ ሰው እየተጫወተ ሲሄድ ድኩላው ድምፁን ሰምቶ ገና ድሮ ጫካ ገብቷል። ብቻዬን የምወጣው ዝም ለማለት ነው። ከሰው ጋር ሆኖ ዝም ማለት ለእኛ ይከብዳል፤ ዝም ያለውን ሰው «ምን ሆነሃል?» ብለን እንጨነቅለታለን እንጂ አንተወውም።

ስሜን ተራሮች ላይ ደግሞ ጨርሶ ብቻን መሆን የለም። ወደ ፓርኩ የሚገባ ጎብኚ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል። መጀመሪያ ይህ ደንብ ጉዞዬን የሚያበላሽብኝ መስሎኝ ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን ዝምታን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ከሳንቃበር እስከ ግጭ ስንሄድ አብሮኝ የነበረው ስካውት የተናገረው በጣት የሚቆጠር ነው። ቀጥለን ጨነቅ አጠገብ ስንደርስ ግን ድንገት ቆሞ በአገጩ ወደ ገደሉ አመለከተኝ። ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ዋልያ፣ እግር የሚያሳርፍበት ቦታ ያለ በማይመስል ጠርዝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ብሔራዊ ቡድናችንን በስሙ እየጠራን የምንጮኽ ሚሊዮኖች ነን፤ በዓይናችን ያየነው ግን ስንት እንደሆንን እንጃ። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ድንጋይ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ወደ ጓሳ ልመለስ። ቦታው ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ የሣር አገር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው እንኳ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለእኔ ይህ በጎ ነገር ነው፤ በግድ ያዘገያል። የመጀመሪያው ሰዓት የጫማዬንና የትንፋሼን ድምፅ ብቻ ስሰማ፣ ያልመለስኩትን ስልክና ያልጨረስኩትን ሥራ ስቆጥር ያልፋል። ቆይቶ ጆሮ ይከፈታል። ሣሩ ውስጥ አይጥ ኮሽ ሲል፣ ነፋሱ በጅብራው ቅጠል ውስጥ ሲያልፍ ይሰማል። አንዳንዴ ከላይ የሚያንዣብብ ጥላ መሬቱን ሲያቋርጥ ቀና ብዬ አያለሁ፤ አጥንት ከፍ አድርጎ ወስዶ ዓለት ላይ እየጣለ የሚሰብረው ባለ ጢሙ አሞራ ነው።

ጭላዳዎቹን ከማየት መስማት ይቀድማል። ሌሊት ገደሉ ላይ ነው የሚያድሩት፤ ነብርና ጅብ የማይደርስበት ጠርዝ ላይ ተቃቅፈው ይተኛሉ። ጧት ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ብቅ ይላሉ። ሲመጡ ሲያጉረመርሙ፣ ሲያቃስቱ፣ ሲቆጡ፣ ሲለማመጡ ከሩቅ የገበያ ሁካታ ይመስላል። ከዚያ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። በዓለም ላይ ካሉት ዝንጀሮዎች ሁሉ ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ጭላዳ ብቻ ነው፤ የሚኖረውም በእኛ ደጋ ላይ ብቻ ነው። በሁለት እጃቸው በፍጥነት እየነጩ፣ ሳይነሱ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ይበላሉ። መንጋው አንዳንዴ በመቶዎች ይቆጠራል። በመንጋው ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው ነው፤ አንድ ጎፈሬያም ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው።

እዚህ ጋ ትክክለኛው ነገር መቀመጥ ነው። የእኔ ቦታ ከእነሱ ወደ ሜዳው በኩል ነው፤ በእነሱና በገደሉ መካከል በፍጹም አልገባም። ገደሉ ቤታቸውም መሸሻቸውም ነው። ሰው መንገዳቸውን ከዘጋ መንጋው በሙሉ ይጨነቃል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ፣ ግጦሹ ይቋረጣል። ፎቶ ፈላጊዎች ከጀርባቸው ሸለቆው እንዲታይ ብለው ጫፉ ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ፤ ያበሳጨኛል። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ «ራቅ በል» ማለቱ ነው። ይህን ያየ ሰው ዓይኑን ሰበር አድርጎ በዝግታ ወደ ኋላ ማለት አለበት። ምግብ አይወረወርላቸውም። የሰው ምግብ የለመደ ዝንጀሮ በኋላ የገበሬ ጠላት ይሆናል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ዝንጀሮውና ገበሬው እንጂ ብስኩት የወረወረው እንግዳ አይደለም።

ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ርቀቱን እነሱ ይወስናሉ። አንዳንድ ቀን ራቅ ብለው ይውላሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እየነጩ፣ እየተንፏቀቁ መጥተው ሣሩን ሲቀጥፉት የሚሰማበት ርቀት ላይ ይደርሳሉ። ያን ጊዜ የሚሰማኝን ደስታ የሚተካከል ነገር ብዙ አላውቅም። ያልጠራሁት፣ ያላባበልኩት ፍጡር አይቶኝ፣ መዝኖኝ፣ ጉዳት የለውም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ቀይ ቀበሮዋን እንዲህ ተቀምጬ ነው ያየኋት። እግሯ ረጅምና ቀጭን፣ ጸጉሯ ቀይ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር። መጀመሪያ ወደ ዝንጀሮዎቹ ስትመጣ «አሁን ሊበተኑ ነው» ብዬ ነበር። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በመሐላቸው ገባች። ግልገሎች አጠገቧ ይጫወታሉ፤ ዞር ብላም አታያቸውም። አትሮጥም፣ በድንገት አትዞርም፤ ጆሮዋን ወደ መሬት ቀና ቀለስ እያደረገች በዝግታ ትራመዳለች። ከዚያ ቆመች፣ ሰውነቷን ሰበሰበች፣ ዘለለች። ስትነሳ አፏ ውስጥ አይጥ ነበረ።

ይህ የአንድ ቀን አጋጣሚ አይደለም። ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን ለዓመታት የተከታተሉት ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ቆጥረውታል። ቀበሮ በጭላዳዎች መሐል ሆና ስታድን ከሙከራዋ 67 በመቶው ይሳካላታል፤ ለብቻዋ ስታድን ግን 25 በመቶው ብቻ። ምናልባት ዝንጀሮዎቹ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው እያስወጡላት ይሆናል፤ ምናልባትም አይጦቹ በዚያ ሁሉ እግር መሐል የእሷን እግር አይለዩትም። አንድ ቀን አንዲት ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ይዛ ነበር። መንጋው ወርዶባት አስጥሏት አባረራት፤ ተመልሳ እንድትገባም አልፈቀዱላትም። እንግዲህ ሰላሙ በሁለቱም በኩል ዋጋ አለው። እነዚሁ ጭላዳዎች ውሻ ካዩ ወደ ገደሉ ይፈረጥጣሉ። ውሻና ቀበሮ በመልክ የተራራቁ አይደሉም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አመጣጧ ይመስለኛል። እኔ ከእሷ የተማርኩት የአረማመድ ነገር ከየትኛውም የተራራ መመሪያ አላገኘሁትም።

ሌላም ነገር አላት። ቀይ ቀበሮ ቀን ብቻዋን ታድናለች እንጂ ብቸኛ አይደለችም። የምትኖረው በቤተሰብ መንጋ ነው። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ተጠቅልለው አብረው ያድራሉ። ንጋት ላይ ተነስተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ይላላሳሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ወሰናቸውን አብረው ይዞራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ በየፊናው ለአይጥ አደን ይበተናል፤ ሲመሽ ይገናኛሉ። አንዲት እናት የወለደቻቸውን ቡችሎች የሚመግበውም መንጋው በሙሉ ነው። ምግባቸው ትንሽ ስለሆነ፣ አንድ አይጥ ለሁለት ስለማይበቃ፣ አብሮ ማደን አይጠቅማቸውም። አብሮ ማደር ግን ይጠቅማል።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለእናቴ የምሰጠው መልስ ተሻሽሏል። እናቴ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያለች ያሳደገችኝ ናት፤ ብቻዬን ስሄድ የሆነ ነገር የሸሸሁ ይመስላታል። አሁን ስለ ቀበሮዋ እነግራታለሁ፤ «ማታ እንገናኛለን እማዬ» እላታለሁ። ከመውጣቴ በፊት የምሄድበትን አቅጣጫ ለእሷም፣ እዚያ ላሉት የጓሳ ጠባቂዎችም እናገራለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን የትም ልድረስ የት ፊቴን አዞራለሁ። ጉም ከመጣ አልራመድም፤ ገደሉ የት እንደሚጀምር ስለማይታይ እስኪገልጥ ባለሁበት እቀመጣለሁ። ብርዱ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውሃ ያረጋል፤ ወፍራም ልብስ ሳልይዝ አልወጣም። ጅብ ማታ ማታ ሲጮኽ እሰማለሁ። ነብር አይቼ አላውቅም፤ እሱ ግን እኔን ሳያየኝ አልቀረም።

ይህ ሁሉ በዚያ ሜዳ ላይ የተረፈው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ካልተናገርኩ ግፍ ነው። መንዞች ጓሳውን ወደ 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጠብቀውታል። አስቦና ጌራ ከሚባሉ አባቶች ጀምሮ የወረደ ነው የሚባለው የቄሮ ሥርዓት (ዛሬ በፖለቲካው ከምናውቀው ስም ጋር አይምታታ) ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ ይወስን ነበር። አንዳንዴ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ በበጋ ተከፍቶ ሕዝቡ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። ጥሶ የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ ቦታው በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ክረምት ከበጋ ቆሞ የሚጠብቅ የገበሬ ልጅ ባይኖር ኖሮ እኔ ቁጭ ብዬ የማየው ነገር አይኖርም ነበር። ስለዚህ መግቢያ ሲጠየቅ የሚከራከር የከተማ ሰው ሳይ አፍራለሁ።

አሁን ወደ ውሻ። «አትፈራም?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልሴ እሱ ነው። የእረኛ ውሻ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ከጅብ ይልቅ ያስፈራል፤ ሥራው ነውና። ባለቤቱ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ፣ ዱላ አለመሰንዘር፣ ጀርባ ሰጥቶ አለመሮጥ ይበቃል። የሚያስጨንቀኝ ግን የሚጮኸው ሳይሆን የሚከተለኝ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲያይ ጅራቱን እየቆላ ከመንደር አብሮ የሚወጣ ውሻ አለ። ደስ ይላል፣ ወዳጅ ያገኙ ይመስላል። ግን በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ላይ ነው ያሉት። ትልቁ ገዳያቸው ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። ያ ንጋት ላይ የሚደረገው መላላስና አብሮ ማደር በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው በቀናት ውስጥ ያደርሰዋል። ዲስተምፐር የሚባለውም ተከታትሎ ጎድቷቸዋል። የባሌ አካባቢ ውሾች ሲከተቡ ቆይተዋል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት መስጠት ተጀምሯል።

ስለዚህ ውሻ ከተከተለኝ እመለሳለሁ። ሰዓት ይባክናል፣ አንዳንዴ ጧቱ በሙሉ ይሄዳል፤ ጭላዳዎቹ ከገደሉ የሚወጡበትም ሰዓት ያመልጠኛል። መንደር ደርሼ ለልጆች አስረክቤው፣ እስክርቅ ድረስ እንዲይዙልኝ እለምናቸዋለሁ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ቀበሮዋ እነግራቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ ከእኔ በተሻለ ያውቋታል፣ በየትኛው ጋራ እንደምታድርም ይጠቁሙኛል። እናንተም ወደ ደጋ ስትወጡ ይህቺን አድርጉልኝ። የምታድሩበት ሎጅ ሰዎች ወይም ጠባቂዎቹ የመንደሩ ውሾች ተከትበው እንደሆነ ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው። ካልተከተቡም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። አንድ ጎብኚ ሲጠይቅ ቸል ይባል ይሆናል፤ በየሳምንቱ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሲጠይቅ ግን ጉዳዩ መነሳቱ አይቀርም።