የሚጮኸው ሁሉ በዳይ አይደለም

ሰው አንድ ጥፋት በደረሰበት ጊዜ ምክንያቱን ከመመርመሩ በፊት የሚወቅሰውን ይፈልጋል። ምክንያትን መመርመር ድካም አለበት፤ እጅ ያቆሽሻል፤ ጊዜም ይፈጃል። ወቀሳ ግን ወጪ ስለሌለበት በቅርብ በተገኘው፣ ይልቁንም አፍ አውጥቶ ሊከራከር በማይችለው ደካማ ላይ በቀላሉ ይጣላል። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሲሉ የተረቱት እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነው። እኔም ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ለወጣት አንባቢዎቼ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአንዲት አሮጌ መኪና ሞተር ላይ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

መኪናዪቱ ከአጎቴ የደረሰችኝ፣ በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሠራች ባለ 1300 ቮልስዋገን ናት። የዚህ ዓይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻዪቱ በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሜክሲኮ ካለው ፋብሪካ ወጥታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእንደዚህች ያለች መኪና ስለ ነበረ፣ በአገራችን ታሪክ ውስጥም ስሟ ገብቷል። በአዲስ አበባ መንገድ እስከ ዛሬ ድረስ ስትሄድ ትታያለች።

ብዙዎቹ መኪናዎች ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት በራዲያተር ውስጥ በሚመላለስ ውሃ ነው። ቮልስዋገን ግን ራዲያተር የላትም፤ ከኋላ የተቀመጠው ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። በዲናሞው ጫፍ ላይ አንድ ማራገቢያ አለ፤ ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞራቸው ያው አንዱ ችንጊያ ነው። ማራገቢያው የሳበውን ነፋስ ላሜራዎች ተቀብለው ወዲያና ወዲህ እንዳይበተን እየመሩ፣ በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥና በአራቱ ሲሊንደሮች ክንፎች መካከል ያሳልፉታል። ሙቀቱን የተሸከመው ነፋስ በሞተሩ ሥር ይወጣል። ሞተሩ የሚይዘው ዘይትም 2 ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነውና፣ ጥቂት ሲጎድል ሙቀቱ ቶሎ ይጨምራል። እንግዲህ በነጂው ፊት ያለችው ቀይ መብራት በጉዞ ላይ ብትበራ፣ ባትሪው መሞላት አቆመ ብሎ ብቻ ማለፍ አይገባም። ችንጊያው ተበጥሶ እንደ ሆነ ነፋሱም አብሮ ቆሟልና፣ ወዲያው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

ቤንዚኑን ከፊት ካለው ታንክ ስቦ ወደ ካርቡራቶር የሚያደርሰው ፓምፕ ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ የተቀመጠ ነው። በውስጡ ስስ ሸራ አለ፤ ሞተሩ ሲዞር አንድ ዘንግ እየገፋው ሸራው ከፍና ዝቅ ይላል፤ አንድ ጊዜ ይስባል፣ አንድ ጊዜ ይገፋል። የሞተሩ ግለት ወደ ፓምፑ እንዳያልፍ በመካከላቸው ወፍራም የባክላይት ቁራጭ ገብቷል። ነገር ግን ሞተሩ ከመጠን በላይ ከጋለ ይህ ቁራጭ ብቻውን ሊያድነው አይችልም።

በደጋ አገር ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ምክንያቱም ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ ነው። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም እንደዚሁ ነው፤ ይልቁንም ከውሃ እጅግ ባነሰ ሙቀት መትነን የሚጀምር ነገር ነው። ፓምፑ ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይበልጥ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ፓምፑ ከጋለ ቤንዚኑ እዚያው በውስጡ ይፈላል። ሸራው እንፋሎቱን ያጨናንቀዋል፣ መልሶም ያሰፋዋል እንጂ ወደ ፊት ሊያስኬደው አይችልም። ካርቡራቶሩ ይደርቃል፤ ሞተሩ ይጠፋል።

በእኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወረድሁ። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚያወርድ፣ በማዶውም ያንኑ ያህል ወደ ደጀን የሚያወጣ ነው። የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አነጠሰና ጸጥ አለ። በዚያ ያለፈ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወረደና፣ ከጀሪካኑ ጥቂት ውሃ አፍስሶ ጨርቅ ነክሮ በፓምፑ ላይ ጠመጠመው። በእርጥብ እንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው ከላይ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ ጨርቁም የሠራው ይህንኑ ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ሾፌሩ ግን ሲሰናበተኝ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ማስታገሻ ነው፤ መድኃኒት አይምሰልህ» አለኝ።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ መኪናዪቱን ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። የጋራዡ ባለቤት ፓምፑን ዳሰስ አድርጎ «ሞቷል» አለና፣ አዲስ ፓምፕ እንዲያስር አንድ ተለማማጅ ልጅ አዘዘ። ልጁ ዕድሜው 17 ዓመት ያህል ይሆናል። በሦስተኛው ቀን የእንጦጦን አቀበት ስወጣ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ጠፋ። ይህን በነገርሁት ጊዜ ባለቤቱ ወደ ልጁ ዞሮ ጮኸበት።

«አንተ ነህ ያበላሸኸው! ዋጋውን ከደመወዝህ እቆርጣለሁ፤ ከዚያም በኋላ እዚህ እንዳላይህ!»

ልጁ፣ «ጋሼ፣ እንዳሳዩኝ አድርጌ ነው ያሰርሁት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላወጣም። እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የወር ደመወዙ ለእናቱ የቤት ኪራይ የምትከፈል መሆኗን በኋላ ሰማሁ።

በዚያ ጋራዥ ሁሉም «አባባ» እያሉ የሚጠሯቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ከተቀመጡበት ተነሥተው ባለቤቱን፣ «ቆይ ልጄ፣ ከመፍረድህ በፊት ሞተሩን እንጠይቀው» አሉት። ልጁንና እኔን ይዘው በመኪናዪቱ ወደ እንጦጦ ወጡ። ሞተሩ በጠፋ ጊዜ አንዱን ካንዴላ ነቅለው እሳት መስጠቱን አዩ፤ ደህና ነበር። ቀጥለውም ወደ ካርቡራቶር የሚሄደውን ቱቦ ፈቱ፤ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ እንዳይፈስ አርቀው በጠርሙስ ያዙትና ልጁን ሞተሩን እንዲያዞር አዘዙት። የመጣው አረፋና እንፋሎት ነበር። ከዚያ ምንም ሳይነኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁና እንደገና አስዞሩት፤ ቤንዚኑ በየገፋው ልክ እየወፈረ ጠርሙሱን ሞላው።

ልጁን እያዩ፣ «ፓምፑ ደህና ነው፤ አንተም በደንብ አስረኸዋል። ፓምፑ የሚጮኸው ሌላ ሰው እሳት ላይ ስለ ጣደው ነው» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት እሳት ለኳሹን ፈለጉ። ችንጊያውን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ሊጎብጥ ሲገባው፣ ከዚያ እጥፍ ገባ፤ ላልቶ እየተንሸራተተ ማራገቢያውን በሚገባ አያዞረውም ነበር። በሞተሩ ዙሪያ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከሥር ከሚወጣው ትኩስ አየር የሚለየው ጎማ በአንድ ወገን የለም። ከሲሊንደሮቹ አጠገብ አንዲት ላሜራም ጎድላለች። ቀድሞ በሌላ ቦታ ሞተሩ ወርዶ በነበረ ጊዜ፣ የነካው ሰው «ክፍት ከሆነ ይበልጥ ይቀዘቅዛል» ብሎ የተዋት ሳትሆን አትቀርም። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። መሪ ያጣ ነፋስ በቀላሉ በተከፈተለት በኩል ይወጣና ሊያቀዘቅዘው የሚገባውን ሲሊንደር ይተወዋል፤ ማራገቢያውም ከሥር የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። የነፋስ ቤቱ በተፈታ ጊዜ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ክንፎች በአቧራና በዘይት ተደፍነው ተገኙ። የማቀጣጠያውን ሰዓትና የቫልቮቹን ክፍተት ቢመረምሩ ትክክል ነበሩ።

ሥራውን የሠራው ያው ልጅ ነው። ማቀዝቀዣውን አጠበ፤ ጎማውንና ላሜራውን በቦታቸው መለሰ። አዲሱን ችንጊያ ሲያስገባም በሁለቱ የፑሌጃ ግማሾች መካከል ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዱን አውጥቶ በውጭ በኩል በማድረግ አጠበቀው። ወጪው ሁሉ ከአዲሱ ፓምፕ ዋጋ ያነሰ ነበር። ከዚያ በኋላ እንጦጦን ወጣሁ፤ በበጋም ዓባይን ሁለት ጊዜ ተሻገርሁ፤ ሞተሩ አልጠፋም። ባለቤቱ ልጁን ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ነገር ግን ደመወዙን ሳይቆርጥ ከፈለው፤ ከሥራም አላባረረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ፓምፕ ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ሸራው ከተቀደደ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ እየገባ ያቀጥነዋል፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያሸተተ ሰው ይህን ያውቃል። ሞተሩ ቀዝቅዞም ሳለ የማይገፋ ፓምፕ በእውነት ጥፋተኛ ነው። ሽማግሌው ልጁን ነጻ ያወጡት ድሃ ስለ ሆነ አዝነውለት አይደለም፤ ፓምፑን በሙቀትም በቅዝቃዜም ፈትነው እውነቱን ስላገኙ ነው። ርኅራኄ ያለ ምርመራ ለአንድ ቀን ይረዳል፤ በማግስቱ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ልጁ እንደገና ይከሰስ ነበር።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፤ ነገ አንዳንዶቻችሁ የመሥሪያ ቤት አለቆች፣ አንዳንዶቻችሁ መምህራን፣ ብዙዎቻችሁም የቤተ ሰብ አባትና እናት ትሆናላችሁ። በትምህርቱ የደከመ ልጅ፣ በሥራው የዘገየ ጸሐፊ፣ ምሬት የበዛባት የቤት ሠራተኛ በፊታችሁ ይቀርባሉ። ምናልባት ጥፋቱ የእነርሱ ይሆናል። ምናልባትም ልጁ ቁርሱን ያልበላ፣ ጸሐፊው የሦስት ሰው ሥራ የተጫነበት፣ ሠራተኛዪቱም ዕረፍት የተነፈገች ትሆናለች። ይህን የሚለየው መርምሮ ማየት ብቻ ነው። ሥራው በትክክል በሚሄድበት ጊዜ ምን እንደሚመስል ዕወቁ፤ ሲሳሳት የተለወጠውን ነገር ፈልጉ፤ አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትዝለሉ። እርጥብ ጨርቅ በመንገድ ላይ ለደከመው መድረሱ መልካም ነው፤ ቤት ከደረሱ በኋላ ግን ችንጊያውን አለማየት ስንፍና ነው።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እንናገረዋለን። ወደ ሥሩ ለመውረድ ግን ጎንበስ ማለትና እጅን ማቆሸሽ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሰው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይቸኩል።