«ታይፎይድ ነው» ከመባሉ በፊት

ጎንደር ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ «ታይፎይድና ታይፈስ» ሳይባል የተመለሰ ካለ እስኪ እጁን ያውጣ! ዊዳል የሚባለው ምርመራ ርካሽ ነው፤ ግን ያሳስታል። በ2003 ዓ.ም አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ትኩሳት ያለባቸው 270 ሰዎች ሲመረመሩ ዊዳል 88ቱን «አለባችሁ» አላቸው። ጀርሙን ከደም አብቅሎ የሚያሳየው ብለድ ካልቸር ግን ታይፎይድና ፓራታይፎይድ ያገኘው በ11ዱ ብቻ ነው። (ካልቸርም የሚያመልጠው አለ፤ ቢሆንም ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።)

እኔ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። የምፈራው መርፌውን ሳይሆን ቆዳውን ነው። የቆዳ ባክቴሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ከገባ ይበቅላል፤ በሽተኛውም ለሌለበት በሽታ ውድ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ስለዚህ ክንዱም የጠርሙሱ ክዳንም በአልኮል ይጠረግና 30 ሰከንድ ያህል እስኪደርቅ ይጠበቃል። ወረፋ በበዛበት ቀን ይህቺ ግማሽ ደቂቃ ዓመት ናት! ከደረቀ በኋላ ደም ሥሩን በጣት መልሶ መዳሰስ የለም።

ጎልማሳ ልጃቸውን ከደባርቅ ይዘው የመጡ እናት፣ ከሁለቱም ክንዱ ስወስድ «ደሙን ጨረስሽው እኮ ልጄ!» አሉኝ።

«እማማ፣ የቆዳ ጀርም በአንዱ ብቻ ከበቀለ ከቆዳ የገባ ነው እንላለን፤ በሁለቱም ከበቀለ ግን እንጠረጥራለን።»

በየጠርሙሱ የሚገባው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ቢበዛ ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ መድኃኒት ጀምሯል? ከጀመረ ጀርሙ ላይበቅል ይችላል።

እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አሞክሳሲሊን አወጡ። አራት ፍሬ ጎድሎለታል።