ላም አለኝ በባሕር

መቼም በኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው «የጋራ» የምትባለው ቃል ስንት ነገር እንደምትሸከም ያውቃል። እኔ በምኖርበት በልደታ ኮንዶሚኒየም ከበሬ ወዲህ ያለው የእኔ፣ ከበሬ ወዲያ ያለው ደረጃ፣ ጣሪያና ግቢ ደግሞ የሁላችንም ነው። የጋራ ሕንፃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995ም መሠረቱ ይኸው ነው። ዳሩ ግን የሁሉም የሆነ ነገር ጠባቂ ካላገኘ ውሎ አድሮ የአንድ ሰው ይሆናል። አንድ ጎረቤታችን ኮሚናሉን የዕቃ ማስቀመጫ ሲያደርገው ሁላችንም አይተን አለፍን። ነገሩ ጉዳይ የሆነው ኀዘን የገባበት ቤተሰብ ድስት የሚጥድበት ቦታ ያጣ ዕለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ሰው ለማማት አይደለም። ዓለምም የራሷ ኮሚናል አላት፤ እሱም ከአገሮች ሥልጣን ውጪ ያለው የውቅያኖስ ወለል ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል፣ ከ4,000 እስከ 6,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ድንች የሚያካክሉ ጥቋቁር ድንጋዮች ተበትነው ይገኛሉ። ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ ኮባልትና መዳብ አዝለዋል። አንዱ ድንጋይ በሚሊዮን ዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኩባንያዎች አሁን እነዚህን ለቅመው በተለይ ለባትሪ መሥሪያ ሊያውሏቸው ይፈልጋሉ።

ይህን ስተርክላቸው በአሰብ ወደብ ያገለገሉ ጡረተኛ ጎረቤቴ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ባሕሩ ሄዶ ወለሉ ይቀራል እንዴ?» አሉኝ።

ይቀራል፣ ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ1967 የማልታው አምባሳደር አርቪድ ፓርዶ ይህ ወለል የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ርስት ይሁን ሲሉ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተከራከሩ። በ1982 የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነትም ሐሳቡን ተቀብሎ፣ ጥቅሙ ባሕር ላላቸውም ለሌላቸውም እንዲሆን ደነገገ። ኢትዮጵያ ምጽዋና አሰብ በእጇ ሳሉ፣ በዚያው ዓመት ፈረመች። በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የባሕር ጠረፋችን ቀረ፤ የጥልቁ ወለል ድርሻ ግን ጠረፍ አይጠይቅም። ችግሩ ሌላ ነው። ከፊርማው በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት ኢትዮጵያ ስምምነቱን አላጸደቀችም። በጃማይካ ኪንግስተን ተቀምጦ ማዕድኑን በሚያስተዳድረው ባለሥልጣን ውስጥ አባል የሚሆኑት ደግሞ ያጸደቁት ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው አይደል?

ለእኔ ግን ከወተቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የላሟ ጤና ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጀርመን ሳይንቲስቶች ከፔሩ ማዶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን ወለል ለሙከራ አረሱት። በ2015 ተመልሰው ሲያዩት፣ ከ26 ዓመት በኋላ፣ የማረሻው ፈር እንዳለ ነበር። የእኛ ገበሬ ፈር በአንድ ክረምት ይደፈናል፤ የዚያ አገር ክረምት ስንት ዘመን እንደሚፈጅ እንግዲህ አስቡት።

በየብስ ላይ ቢሆን ቢያንስ የሚጮህ ሰው አለ። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አቅራቢያ ያለው የለገ ደምቢ የወርቅ ማውጫ፣ ዝቃጩ ሕፃናትንና ከብቶችን ጎዳ የሚል አቤቱታና ተቃውሞ ስለ በረታ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ፈቃዱን አገደ። እናት ልጇን ይዛ ወጥታ አሳየች። ከባሕር ወለል ግን ማን ይወጣል? እዚያ ያለው ስፖንጅና ትል መንገድ አይዘጋም።

ጮኾ የሚያስቆም ከሌለ የሚቀረው የባለቤቶች ስብሰባ ብቻ ነው። እሱንም የሚያልፍ አለ። የባሕር ሕጉን ያላጸደቀችው አሜሪካ፣ በፕሬዚዳንቷ ትእዛዝ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ከየትኛውም አገር ሥልጣን ውጪ ባለው ወለል ላይ በራሷ ሕግ ፈቃድ ለመስጠት ተነሣች። ወዲያውም አንድ ኩባንያ ማመልከቻ አስገባ። ማኅበሩን ሳያማክር ጣሪያው ላይ ክፍል የሚሠራ ጎረቤት ማለት ነው። በሌላ ወገን ከ30 የሚበልጡ አገሮች ጉዳቱ በቅጡ እስኪታወቅ ቁፋሮው ይቆይ ብለዋል።

ባትሪ አያስፈልገንም ልል አልችልም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በግቢያችንም ቻርጅ የሚደረጉ መኪኖች ይቆማሉ። ነገር ግን ኒኬልም ኮባልትም የሌለባቸው፣ በብረትና በፎስፌት የሚሠሩ ባትሪዎች በብዙ መኪኖች ላይ እየዋሉ ነው። አማራጭ ሳይጠፋ የማይመለስ ነገር ለማፍረስ መጣደፍ ምን አመጣው?

ስለዚህ ባሕር የለንምና አያገባንም የሚለው አያስኬድም። ይህን ርስት በተመለከተ ሌሎች ሲወስኑ አገሬ ድምፅ ሊኖራት፣ ድምፅዋንም ድርሻዬ ስንት ነው ከማለቷ በፊት ጉዳቱ ይታወቅ ለማለት ልታውለው ይገባል ባይ ነኝ።