ሩብ ዙር ወደ ኋላ



ሰብር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ትልቅ ነገር ነው፤ ሕመም፣ ሐዘን፣ የቤተሰብ ችግር። እኔ ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ሰብር ላውራችሁ። ልኳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በሦስት ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ማለት ነው።

ከኢንጂነሪንግ ውጭ ላላችሁ ትንሽ ላስረዳ። ብሎን ብረት ውስጥ እንዲይዝ ቀዳዳው ራሱ ጥርስ ሊኖረው ይገባል። ጥርሱን የሚያወጣው መሣሪያ ታፕ ይባላል። ብሎን ይመስላል፤ ነገር ግን ጎኑ ላይ ፍቅፋቂ የሚወጣባቸው ቦዮች አሉት። በእጅ የሚሠራበት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሆኖ ይመጣል። የመጀመሪያው ጫፉ ሾጠጥ ያለና መንገድ የሚከፍት ነው፤ ሁለተኛው ያሰፋል፤ ሦስተኛው ይጨርሳል። ለሦስት ሚሊ ሜትር ብሎን ቀዳዳው በ2.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳል። በ2.4 ከተበሳ ታፑ ይጨናነቃል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ የሚወጣው ጥርስ ስስ ይሆናል።

አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ለስላሳ ብረት እንደ ሊጥ ነው፤ ከታፑ ጥርስ ላይ ይለጠፋል፣ ቦዩን ይደፍናል። ታፑ ደግሞ በጣም ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነም አይጎብጥም፣ ይሰበራል። ቀዳዳ ውስጥ ከተሰበረ በተራ ፑንታ በስቶ ማውጣት አይቻልም፤ ጥንካሬያቸው እኩል ነውና። ስለዚህ ሳህኑን በሞርሳ አጥብቆ መያዝ፣ የቀዳዳውን አፍ በትንሹ መሞረድ፣ ነጭ ጋዝ ጠብ ማድረግ፣ ታፑ ቀጥ ብሎ መቆሙን በስኳድራ ከሁለት አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። ወደ ኋላ ስትመልሱት ጣታችሁ ላይ ትንሽ ቀጭ የምትል ነገር ይሰማችኋል። ፍቅፋቂው ተቆረጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊት መቀጠል የሚቻለው።

ይህን ሳደርግ የልጅነት መድረሳዬ ትዝ ይለኛል። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ቁርኣን። ኡስታዛችን የትናንቱን ሳያሰሙ ለዛሬ አዲስ አይሰጡም ነበር። እኔ የቸኮልኩት አንድ ጁዝእ ለመጨረስ ነበር፤ ሙራጀዓው የሚያዘገየኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ በልቤ የቀረው ወደ ኋላ እየተመለስኩ ያነበብኩት ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሳህን ላይ አንድ ቀዳዳ ለመጨረስ በዚህ አካሄድ ሃምሳ ጊዜ ያህል መመላለስ አለ። ወደ ኋላ የሚኬደው ሩብ ዙር ከሥራው ተለይቶ አይታይም።

ዘንድሮ ቡድናችን የተረከበው ፕሮጀክት የእንቁላል ማስፈልፈያ ነው። ካለፈው ዓመት ቡድን የወረስነው አሉሚኒየም ሳህን 12 ቀዳዳዎች አሉት፤ ትንሿ ሞተርና ኩሽኔታው የሚታሰሩት በእሱ ላይ ነው። ስንፈታው አንዱ ብሎን ያለ ካቻቪቴ በእጅ ተነቅሎ ወጣ። ጥርሱ ተበልቷል፤ ብሎኑን ይዞት የቆየው ሙጫ ነበር። ከላይ ሲታይ ጭንቅላቱ ከሌሎቹ አስራ አንዱ ምንም ልዩነት አልነበረውም።

እኛም ለማቅረብ ሦስት ቀን ነበር የቀረን። አንዳንዶቻችን መልሰን በሙጫ እንለጥፈው አልን። አቀራረቡ ሩብ ሰዓት ነው፤ ሙጫው ይበቃዋል፤ ሳህኑን ስንበሳ ካበላሸነው ግን ሌላ የለንም። ምክንያቱ ተራ አልነበረም፤ የሁላችንም ውጤት ነበረበት። «አውጥተን እንሥራው» ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ክርስቲያን ጓደኛችን ነው። ያለው ነገር አጭር ነበር፦ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው፤ እስከ 18ኛው ቀን በየዕለቱ ደጋግሞ መገላበጥ አለበት። ማሽኑን ነገ የምትጠቀም ዶሮ አርቢ እናት ሩብ ሰዓት አይደለም የምትፈልገው።

እኔ አማና የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌያለሁ። ብዙ ጊዜ የማስበው ገንዘብ ወይም ምስጢር ነበር። ያን ቀን ግን ማንም የማያየው ቀዳዳም አማና መሆኑ ታየኝ። አላህ ያየዋል፤ ከአላህ ቀጥሎ ደግሞ የሚያውቀው የሚጎዳው ሰው ነው።

ቀዳዳውን በ3.3 ፑንታ አሰፋነው፤ የተበላው ጥርስ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ከዚያ በአራት ሚሊ ሜትር ታፕ አዲስ ጥርስ አወጣን። የኩሽኔታው ክዳን ቀዳዳም 4.5 ሆነ። ከዝሁር እስከ ዐስር ፈጀብን። በሪፖርታችን ላይ የትኛው ቀዳዳ እንደተቀየረና ለምን እንደሆነ ጻፍን፤ ከእኛ በኋላ የሚረከቡት በሦስቱ ብሎን እንዳይደክሙ።

በሱረቱ ሰበእ ስለ ነቢዩላህ ዳውድ ዐለይሂ ሰላም የተነገረን ነገር አለ። አላህ ብረትን አለዘበላቸው፤ ጥሩር እንዲሠሩ፣ ቀለበቶቹንም በልክ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ይህን አንቀጽ በመድረሳ ስማር ልቤ የሄደው ወደ ተዓምሩ ነበር። አሁን ዎርክሾፕ ውስጥ ቆሜ ሳስበው የሚይዘኝ ትእዛዙ ነው። ብረቱ ለዘበ ተብሎ መለካቱ አልቀረም። አላህ አንድን ነገር ሲያገራልን፣ ጥሩ አእምሮም ይሁን ጥሩ ዕድል፣ ልኩን የመጠበቅ ኃላፊነቱ አብሮ ይመጣል።

በዚህ ሴሚስተር የዎርክሾፕ ልምምድ የምትጀምሩ የመጀመሪያ ዓመት ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ምክር ልስጣችሁ። ሁለት ጣት ብቻ ተጠቀሙ፤ ታፑ አንዴ ከያዘ ራሱ ይስባል፣ አትጫኑት። እጃችሁ ላይ ከከበደ ኃይል አትጨምሩ፤ መልሱት፣ ጥረጉት፣ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጉበት። በቢስሚላህ ጀምሩ፤ የሰላት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ታፑን እዚያው ተክላችሁ አትሂዱ፣ የሚያልፍ ሰው ክንድ ይነካውና ይሰበራል።

አላህ በሚታየውም በማይታየውም ሥራችን ኢኽላስና ኢትቃንን ይወፍቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።