ሃያ ጨዋታ፣ ኳስ የለበትም

ለጊፋታ ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ መዳፍ የምታህል ፕሌይስቴሽን በስጦታ ይዞልኝ መጣ። ሶኒ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የመጀመሪያውን ማሽን አሳንሶ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በ100 ዶላር ገደማ ለገበያ ያቀረባት «ክላሲክ» ናት። ወላይታ ሶዶ ውስጥ በሰው ወንበር፣ በሰው ጆይስቲክ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን እነሆ።

1. ትዝታ ስትገዙ መጀመሪያ ዝርዝሩን አንብቡ። ማሽኗን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። ሃያ ጨዋታ አላት፤ ቴከን 3 አለ፣ ሜታል ጊር ሶሊድ አለ፣ ፋይናል ፋንታሲ 7 አለ። ኳስ የለም! እኛ ሰፈር «ፕሌይስቴሽን እንጫወት» ማለት ኳስ እንጫወት ማለት ነበር፤ እናቴ ራሷ ማሽኑን «ያ ኳስ» ነበር የምትለው። የክለብና የተጫዋች ስም በውል የሚገዛ፣ ውሉም ጊዜ ያለው በመሆኑ የድሮ ኳስ ጨዋታን መልሶ ማውጣት አዲስ ድርድር ይጠይቃል። ያኔም ቢሆን ፔስ 6 በሚባለው ኳስ ጨዋታ ላይ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ነበር፤ እኛ ግን ግድ አልነበረንም።

2. ካሴት እፍ ማለት ጥቅም የለውም። ከፕሌይስቴሽን በፊት የነበረውን ቲቪ ጌም የምታስታውሱ፣ ኮንትራ እምቢ ሲል ካሴቱን ነቅለን እንዴት እንደምንነፋው አትረሱም። የሚሠራው ትንፋሻችን ሳይሆን ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነበር። እንዲያውም የአፍ እርጥበት የካሴቱን ጥርሶች ያዝጋል።

3. ዳክዬ የምንተኩስበት የቲቪ ጌሙ ሽጉጥ ከዘመኑ ቴሌቪዥን ጋር አይግባባም። የተሠራው ለድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ነው። የጨዋታው ሠሪ ኒንቴንዶ ራሱ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣት ትንሽ ማሽን ውስጥ ካሉት 30 ጨዋታዎች መካከል የዳክዬው የለም።

4. ከአዲሱ ትንሽ ይልቅ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ግዙ፤ ግን ሌንሱን ሳትሞክሩ ብር አትቁጠሩ። የድሮው ፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ አላነብ ሲል ገልብጠን በጀርባው እናስተኛው ነበር። ጥንቆላ ይመስለን ነበር፤ ለካስ የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ሌንሱን የሚያንሸራትተው ክፍል ፕላስቲክ ስለነበር ከሙቀትና ከአጠቃቀም ብዛት የተነሳ ይበላል። ሲገለበጥ ሌንሱ ወደ ቦታው ይጠጋል። የሚሸጥላችሁ ሰው ማሽኑን ገልብጦ ካሳያችሁ «ሳሮ» (ሰላም) ብላችሁ ወደ ቤታችሁ። እኔ አንዱን እንደዚያ ሲሠራ አይቼ ገዝቼው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ የልጆች መኪና መጫወቻ ሆነ።

5. አሮጌ ቴሌቪዥን አትጣሉ። አዲሷ ማሽን የምትሰካው በኤችዲኤምአይ ብቻ ስለሆነ የእናቴ ቴሌቪዥን አልተቀበላትም። በተቃራኒው የድሮውን ማሽን ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ላይ ስትሰኩት ምስሉ ትንሽ ይዘገያል፤ ጎል ጋ ደርሳችሁ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ ነው ተጫዋቹ የሚያስብበት።

6. ሕግ የሌለው ጨዋታ አይጥምም። ይህን የተማርኩት በ1999 ዓ.ም. ገደማ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ በነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። አራት ማሽን፣ አራት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ የዕዳ መዝገብ። ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። ስለዚህ ጎበዝ ልጅ በአንድ ብር ከሰዓቱን በሙሉ ይጫወታል፤ እንደ እኔ ያለው ደግሞ የቤቱን ኪራይ ይሸፍናል። ኢንተርን የያዘ አድሪያኖን ማሰለፍ አይችልም ነበር፤ የዚያ ሰው ምት ከመሃል ሜዳ ጀምሮ ያስፈራ ስለነበር ባለቤቱ ጋሼ ራሳቸው አገዱት። መብራት ከሄደስ? በሁለት ጎል የሚመራው እንዳሸነፈ ይቆጠራል፤ በአንድ ከሆነ ይደገማል። በዚህች አንቀጽ ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ ዳሞታ ተራራን ወጥቶ የሚወርድ ነበር። በሁለት ጎል ስንመራ መብራት እንዲጠፋ የጸለይን ብዙ ነን። አሁን በስጦታዋ ማሽን ጨዋታን የትም ቦታ አቁሞ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ማን ከማን ይጣላል?

7. ሚሞሪ ካርድ ከማሽኑ ይበልጣል። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ወላይታ ዲቻ ካይሮ ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ያን ምሽት ፕሌይስቴሽን 2 ላይ አንድ ቡድን ስሙን ቀየርን። ዲቻን በየትኛውም ኳስ ጨዋታ ውስጥ ስላላገኘነው ራሳችን ሠራነው፤ ማልያውን የዱንጉዛ ቀለም ሰጠነው፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። የተጫዋቾቹን ስም በላቲን ፊደል አንድ በአንድ ለመጻፍ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ፈጀብን። ማሽኑ በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። ስምንት ሜጋባይቷ ካርድ ግን መሳቢያዬ ውስጥ አለች።

አሁን የምፈልገው የሚሠራ ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ቦዲቲም ሆነ አረካ ያላችሁ፣ ሌንሱ ደህና የሆነ ካላችሁ አትጣሉት። የአሜሪካዋን ትንሽ ማሽን ጨምሬ እለውጣችኋለሁ።